ሟቹ ሳንቃ

የኮሌጃችን የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ የአዳራሹን ወለል ሳጸዳና ስጠግን የኖርኩት እኔ ነኝ። ስለ እሱ የምጽፈው ከእግሩ ሥር ሆኜ ያየሁትን ነው።

ኮሌጁ ትንሽ ነው። ቁመታም ተጫዋች ሁሉ ወደ ትልልቆቹ ይሄዳል፤ ለእኛ የሚተርፈን አጭርና እልኸኛው ነው። ጋሼ (ተማሪዎቹ እንዲህ ነው የሚጠሩት) በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። «ረጅም ሰው ኳስ ለማንሳት ማጎንበስ አለበት፤ የእኔዎቹ ቀድሞውንም እታች ናቸው» ይላል።

በበሩ በኩል ካለው ቅርጫት በስተግራ አንድ የወለል ሳንቃ ነበር። ከሥሩ የሚደግፈው አግዳሚ እንጨት በጣሪያ ፍሳሽ ስለበሰበሰ፣ ኳስ ሲያርፍበት ድፍት ብሎ ይቀራል እንጂ አይነጥርም። ተጫዋቾቹ «ሟቹ» አሉት። ጋሼ ለአዲስ ተጫዋች መጀመሪያ የሚያስተምረው ሟቹን መዞር ነበር፤ ቀጥሎ የእንግዳውን ቡድን ተጫዋች ወደ ሟቹ መግፋት። የእንግዳ ኳስ እዚያ ሲቀር ደጋፊው በአንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር» ይላል።

መጠገኑ ለእኔ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። በየዓመቱ ልጠግነው እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱ «ተወው፣ አርፎ በተኛበት አትቀስቅሰው» ይለኛል።

ጋሼ ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ የጎረቤት ኮሌጅ አሰልጣኝ የሆነ የቀድሞ ተማሪው በእኛ አዳራሽ ተሸነፈ። መጥቶ እጁን ጨበጠው።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ። ለሳንቃውም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።»

ሁሉም ሳቀ፤ ጋሼም ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን ምግብ አልቀመሰም። ባለቤቱ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ኋላ የነገረችኝ እሷ ናት።

«ይህን ሁሉ ዘመን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ ወይስ እንጨቱ?» ብሎ ጠየቃት።

«እንጨቱ ቀድሞህ ጡረታ ይውጣና እናየዋለን» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት መጣ። «መዶሻህን አምጣ።»

«ምን ልናደርግ?»

«ሟቹን ልናስነሣ።»

አግዳሚውን ቀየርኩ፤ ሳንቃውን እሱ በጉልበቱ ተጭኖ ያዘልኝና መታሁት። ከዚያ ኳስ አነጠረበት፤ እስከ አገጩ ዘለለ።

ያ ዓመት አልቀናንም። ተጫዋቾቹ ደህናውን ሳንቃ መዞራቸውን አልተዉም። ጋሼ «ቀጥ ብላችሁ ሂዱ» እያለ ጉሮሮው ደረቀ፤ እግራቸው ግን አልሰማም። እንግዶቹም ነገሩ ገባቸውና መዞሪያው ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ጀመር። በገዛ አዳራሻችን አራት ጊዜ ተሸነፍን።

የመጨረሻው ጨዋታ ከዚያው ከቀድሞ ተማሪው ቡድን ጋር ነበር። እረፍት ላይ በስምንት ነጥብ እየተመራን ነው። ጋሼ ተጫዋቾቹን ወደ ልብስ መቀየሪያ ክፍል አላስገባም፤ ሳንቃው ላይ ሄዶ ቆመ። አምበሉን፣ በቁመቱ ማጠር ቡሽ የሚሉትን፣ ጠራው።

«እዚህ ምን አለ?»

«ሟቹ» አለ ቡሽ፣ ሳያስበው።

«ማን ነው ሞቷል ያለህ?»

ቡሽ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ነዎት ጋሼ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። መዞርን በእግራችሁ አስተምሬ፣ መተዉን በአፌ ብቻ ነገርኳችሁ። በሉ፣ ተራ በተራ አንጥሩበት።»

ፊሽካው እስኪነፋ እየተሰለፉ አነጠሩበት። የእንግዳው ቡድን ቆሞ ያያል፤ አንዳንዱም ይስቃል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር የሚመሩን። ቡሽ ኳሱን ይዞ መጣ። ተከላካዩ እንደለመደው መዞሪያው ላይ ጠበቀው። ቡሽ አልዞረም። ኳሱ ሳንቃው ላይ ሲያርፍ ደጋፊው በልማድ «ነፍስ ይ...» ብሎ እመሃል ላይ ዋጠው፤ ኳሱ ተመልሶ ቡሽ እጅ ገብቷል። ተወርውሮ ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ፊሽካው ተነፋ።

የቀድሞ ተማሪው መጥቶ እጁን ዘረጋ። ትንሽ አመነታ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ሰላምታዬን ለማን ላድርስ?»

ጋሼ ወደ ሜዳው በአገጩ ጠቆመው። «ለቡሽ።»