ሰሌዳውን ያልለቀቀችው ሴት

ዲላ ከተማ፣ በአንድ ሆቴል ገንዳ ዋና ከሚማሩት አምስት ጀማሪዎች አንዷ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ናት። ከነረጅም ቀሚሷ፣ ከነሻሿ ነው የገባችው። መንሳፈፊያውን ሰሌዳ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ እግሯን ባወራጨች ቁጥር በጌዴኦኛ ትቆጥራለች።

አሠልጣኙ ሳቀባት። «እማማ፣ ይሄ የወጣት ነገር ነው። ይውጡና ዳር ይቀመጡ።»

አጠገቧ የምትማረው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ቦንቱ፣ ደሟ ፈላ። «እኔም እኮ አልችልም! ለምን እኔን ውጪ አላልከኝም? ምን ያስቅሃል?»

ሴትዮዋ ግን ሰሌዳውን አልለቀቀችም። «ወንዝ ዳር ቆሜ ከመጮህ በቀር ምንም ያልቻልኩበት ቀን አለ። ዳር መቀመጡ በቅቶኛል» አለች።

አሠልጣኙ ሳቁን ዋጠ። እሷ ግን ቀጥላ ጠየቀችው፦ «ሰው ይዞ መዋኘትስ መቼ ነው የምታስተምረን?»