ለዱባይ ያዘጋጀሁት አረብኛ

ይቺን ገጠመኝ አንብባችሁ ጊዜያችን ባከነ አትሉኝም። የአክስቴ ልጅ ምህረት ለቤት ሠራተኝነት ዱባይ ልትሄድ ስትል ጭንቀቷ አንድ ነበር፤ "ያዘዙኝን ሳልሰማ ቀርቼ ቢመልሱኝስ?" እኔም ከስልኬ ራሴን ያስተማርኩትን አረብኛ ወላይታ ሶዶ እቤታችን አስቀምጬ አስተማርኳት። አረብ አገር አረብኛ የማይችል ሰው ከዲዳ እንደማይለይ በደንብ አስረዳኋት።

ሄደች። መጀመሪያ በቪዲዮ ስትደውል የአሠሪዎቿን ትንሽ ልጅ አቅፋ ነበር። አክስቴ ስልኩን ሰጠችኝና "በል አንተ ሊቁ፣ አናግረው" አለችኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ በአረብኛ ሰላም አልኩት። አፍጥጦ አየኝ። ጮክ ብዬ ደገምኩለት። ልጁ ወደ ምህረት ዞረና ጥርት ባለ ወላይትኛ "ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?" አላት።

አክስቴ እኔን አየች፤ እኔ ስልኩን አየሁ። እዚሁ ሶዶ ካለ ቤት የተደወለ ሁሉ መሰለኝ።

"ከኔ በፊት እሱን ያሳደገችው ሠራተኛ የኛው የወላይታ በዴሳ ልጅ ናት" አለች ምህረት እየሳቀች። "አረብኛውን አሁን እሱ እያስተማረኝ ነው።"

ካላመናችሁኝ እዚያ ያለ ዘመዳችሁ ጋ ደውሉ። ልጅ ካነሳው በወላይትኛ ሰላምታ "ሳሮ" በሉትና መልሱን ስሙ።