የፈናሩ ደወል

እናቴ ከገዳሪፍ የላከችኝ ቁርጡን እንዳመጣላት ነበር። «ሞቶም እንደሆን ላልቅስ፣ ፍትሐቱን ላስፈታ። ካለም በቁሙ አላልቅስበት፤ ብቻ ቁርጤን ልወቅ» አለችኝ። ወንድሜ በጀልባ ጅዳ እሻገራለሁ ብሎ ከወጣ ክረምት ገብቶ ወጥቷል። አብሮት ወርዶ የነበረ ጓደኛው ወባ ጥሎት ከባሕሩ ዳር ተመልሷል፤ እሱም የሚያውቀው ጀልባዋ ከፈናሩ ሥር ወደ ማታ እንደተነሣች ብቻ ነው። ሱዳኖቹ ፈናር የሚሉት ለመርከብ መንገድ የሚያሳየውን የመብራት ማማ ነው።

እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም። ከመተማ ቆላ ተሰድጄ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ሻይ አፍልቼ የምሸጥ ሰው፣ ምን የባሕር ነገር አለኝ! አጎቴ ሰሊጥ ወደ ፖርት ሱዳን የሚያወርድ ሎሪ ላይ ረዳት ስለነበር ከጆንያው ላይ ሰቀለኝ። «አንች ልጅ፣ ኬላ ላይ እንዳታለቅሽብኝ፤ ጥያቄ ያበዙብናል» አለኝ። እሱ ራሱ ከከሰላ ጀምሮ ዓይኑን ሲጠርግ ነበር፤ አቧራ ነው ይላል።

ወንድሜ ዲያቆን ነበር። ደርግ ወጣቱን ለውትድርና ሲያፍስ እሱንም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሊወስዱት መጡ፤ በጓሮ ዘሎ አመለጠና ሱዳን ገባ። ገዳሪፍም ሰሊጥ እያጨደ ያዜም ነበር። አንድ አመል አለበት፦ ዜማውን ሊጨርስ ሲል ድምፁን ወደ ላይ ሰበር ያደርግና አንጠልጥሎ ይተወዋል። መሪጌታው ገርፈውም አላስተዉትም። እኔ «ገመዱ እንደተያዘበት ፍየል» እያልኩ አበሽቀው ነበር። አፌን በቆረጠው!

ሎሪው አስፋልቱ ዳር ጥሎን ሄደ፤ ከዚያ በእግር ነው። እየነጋ ነበር፣ ግን ምን ንጋት አለ! ጭጋጉ ምድሩን ሁሉ ውጦታል። የደጋ ጉም አውቃለሁ፤ ይኸ ሌላ ነው፤ ጨው ጨው ይላል፣ ከንፈር ላይ ይቀራል። አጎቴ ትንሽ ከቀደመኝ አላየውም፤ ሳሉ ብቻ ነው የሚመራኝ። ወፍ የለ፣ ሰው የለ። እንዲያው ከዚህ ዓለም የወጣን መሰለኝና ፈራሁ።

ድንገት ደወል ተደወለ።

አጎቴ ቆመና አማተበ። እኔም አማተብኩ። «ኧረ እመቤቴ! እዚህ አገርም ቤተ ክርስቲያን አለ?» አለ። ደስ አለን፤ ምን እደብቃለሁ፣ ልቤ ቦታዋ ተመለሰች። ነጠላዬን መስቀልኛ አጣፋሁና ደወሉን ተከትለን ፈጠን ፈጠን አልን። ምድሩ እየራሰ ሄደ፤ ዝም ብለን ሄድን። ጉልበቴ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሜም እንኳ ወደ ደወሉ እየሄድኩ ነበር።

«ቁሙ! ባላችሁበት ቁሙ!» የሚል የዐረብኛ ጩኸት መጣ፤ ደወሉም ዝም አለ። ነጭ ጀላቢያ በጭጋጉ ውስጥ ተንሳፍፎ መጣ፤ እግር ያለው አይመስልም። በሥላሴ ስም ብዬ ጮኽኩ። ፋኖሱን ከፍ ሲያደርገው ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የፈናሩ ጠባቂ። እጄን ይዘው ወደ ደረቁ አወጡኝ። አጎቴ ሳቀብኝ፤ እሱም ግን እያማተበ ነበር።

ማማው ድሮ እንግሊዞች ያሠሩት ነው። ጫፉ አይታይም፤ ላይ ላይ የሆነ ቢጫ ነገር ይዞራል። ቤተ ክርስቲያን የሚባል የለም፤ ከበሩ ጎን ከደብራችን ደወል የሚበልጥ ደወል ተሰቅሏል። ሽማግሌው ሻይ ቀዱልን፤ የሻይ ሰው ነኝና ልናገር፣ ውሃ ውሃ የሚል ሻይ ነው።

«ሐበሻ ናችሁ» አሉ፤ ጥያቄ አይመስልም። «ለእነሱ ሰው ይመጣል እያልኩ ስጠብቅ ነበር።»

ከዚያ ነገሩን። «ጭጋግ ሲወርድ መብራቱ አይታይም፤ ስለዚህ ደወሉን እመታለሁ። እዚህ ድንጋይ አለ፣ ራቁ ማለቴ ነው። ክረምት ሳይገባ፣ ማታ የተነሣች አንዲት ጀልባ ጭጋጉ ውስጥ መንገድ ጠፍቷት ስትዞር አድራለች። ሲነጋ ደወሉን ስመታ ከባሕሩ ውስጥ አንድ ሰው በዜማ መለሰልኝ። ቀጥሎ እልልታ ተነሣ። እኛ ዘንድ እልልታ የሰርግ ነው፤ የሙሽራ ጀልባ መሰለኝ። ወደ ድንጋዩ እየመጡ ነው ብዬ አጠንክሬ መታሁ። ባጠነከርኩ ቁጥር እልልታው እየደመቀ ቀረበኝ። በመጨረሻ ዝም አለ። ባሕሩ የመለሳቸውን ከማማው ጀርባ ቀብሬያቸዋለሁ።»

«ዜማው እንዴት ያለ ነበር?» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ማንጎራጎር ጀመሩ። ቃል የለውም፤ ዜማው ግን የኪዳን ነው። መጨረሻው ላይ ድምፃቸውን ወደ ላይ ሰበር አደረጉና አንጠልጥለው ተዉት።

የወንድሜ ድምፅ ከማያውቁት ሽማግሌ አፍ ወጣ። አጎቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ያ ቢንቲ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አንድ ነገር ንገሪኝ። ራቁ እያልኩ ስመታ ምን አስደሰታቸው?»

ያኔ ገባኝ። ቀሚሴ ገና ከዚያው ውሃ አልደረቀም። እኛ ደወል ሰምተን የት እንርቃለን? ደወል ለኛ ና ማለት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሰው አለ፣ አገር ገባህ ማለት ነው። አጎቴ ግልፍተኛ ነው፤ «አንተ ሽማግሌ፣ አንተኮ...» ብሎ ሲጀምር ጭኑን ቆነጠጥኩት። እኔስ ብሆን ተናድጄ የለ! ያን ደወል ነቅዬ ባሕር ውስጥ ብጥለው ደስታዬ ነበር። ግን የሽማግሌው እጅ ብርጭቆውን መያዝ አቅቶት ሻዩ ጀላቢያቸው ላይ እየፈሰሰ ነው።

«ያ አሚ» አልኳቸው፤ ሱዳን ሽማግሌ በአክብሮት የሚጠራው እንዲህ ነው። «ሐበሻ አገሩ የገባ ሲመስለው እልል ይላል።» ስለ ደወሉ አላነሣሁም።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ አምነውኝ እንደሆን እንጃ። ጭጋጉ አልተነሣምና ወጥተው እንደገና መምታት ጀመሩ። እኛ ከማማው ጀርባ ድንጋይ የተከመረበት ዘንድ ቆመን አለቀስን። ደወሉ በተመታ ቁጥር እግሬ ወደዚያው ይላል፤ የአጎቴን ክንድ ጨብጬ ነው የቆምኩት።

በወጉ መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገር። እናቴ ግን ገዳሪፍ ደጃችን ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቀኝ ነበር፤ ፊቴን አየችና መርዶዋን ተረዳች።

«ቤተ ክርስቲያን የሌለበት አሸዋ ላይ ቀረ ልጄ?» አለች። የምትፈራው ይኸን ኖሯል።

«ደወል ይሰማበታል፣ እምየ። ሲነጋ ይደወልበታል» አልኳት።

«በእመቤቴ በይ?»

«በእመቤቴ።»

እናቴ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። ከማልቀሷ በፊት፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪወጣ ድረስ፣ እልል አለች።