በሳፋ ውስጥ ያየነው ባሕር

ባለፈው ሳምንት ቁም ሣጥን ላሠራ አቃቂ በሰቃ ከአንድ እንጨት ቤት ገብቼ፣ አዲስ ቀለም የተቀቡ ወንበሮች አቧራ እንዳይነካቸው የተሸፈኑበትን ጨርቅ ገለጥ ሳደርግ የድሮ የትምህርት ቤት የዓለም ካርታ ሆኖ አገኘሁት፤ ውቅያኖሶቹ ላይ የተሳሉት ቀያይና ሰማያዊ ቀስቶች ደብዝዘዋል፣ የሰጋቱራው ሽታ ግን ይዞኝ ጭልጥ አለና ዘጠነኛ ክፍል አስገባኝ።

ጂኦግራፊ ያስተማሩን መምህር ኃይሉ በወጣትነታቸው መርከበኛ ነበሩ፤ ወለሉ የሚወዛወዝባቸው ይመስል እግራቸውን ፈርከክ አድርገው ስለሚራመዱ እኛም ከኋላ ከኋላቸው እንደሳቸው እየተራመድን እንስቅ ነበር። አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውሃ ሞልተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ሰጋቱራ በተኑበትና ጎንበስ ብለው ከአንድ ጎን እፍ አሉ። ሰጋቱራው ተንሳፍፎ ሄደ፣ የሳፋውን ጠርዝ ሲነካ ታጠፈ፣ ዳር ዳሩን ዞሮ ተመለሰ።

"ባሕሩንም የሚገፋው ነፋስ ነው፤ የሚያጥፈው የብስ ነው" አሉ። ምድር ስለምትሽከረከር ውሃው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ ቀኝ፣ በስተደቡብ ወደ ግራ እያዘነበለ ታላላቅ ክቦች እንደሚሠራ፣ የሞቀውን ወደ ብርዱ አገር አድርሶ የቀዘቀዘውን ይዞ እንደሚመለስም ነገሩን።

አጠገቤ የተቀመጠችው እኅቴ አልማዝ ነበረች፤ ብትበልጠኝም ታማ አንድ ዓመት ስላመለጣት አብረን ነበር የምንማረው። እጇን አወጣች።

"መምህር፣ ነፋሱ ቢዞርስ?"

መምህር ኃይሉ ፈገግ አሉ። "እሱን ለማየት ሩቅ መሄድ የለብሽም። በሶማሊያ ዳርቻ ያለው ውሃ በክረምት ወደ ሰሜን ይነጉዳል፤ በበጋ ነፋሱ ሲዞር እሱም ወደ ደቡብ ይመለሳል።"

ከዚያ ወዲያ አልማዝ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ልብስ ስናጥብ አረፋውን እፍ እያለች ስታዞረው እናታችን "ልብሱን እጠቢ፣ ባሕሩን ተይው" ትላታለች። ከአቃቂ ወጥታ የማታውቅ ልጅ፣ መርከብ ላይ ሆና የውሃውን መንገድ የምታጠና ሰው ልትሆን ቆረጠች።

ዓመቱ ሳያልቅ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው አባታችን ወገቡን ተጎድቶ ቤት ዋለ፤ አልማዝም ክር ፋብሪካ ልትገባ ተወሰነ። መምህር ኃይሉ ቤታችን ድረስ መጥተው "እባክዎ ይቺን ልጅ አያስቀሯት" ብለው ለመኑ።

አባቴ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ "እኔስ መች ጠላሁ መምህር፤ አንዷ ካልሠራች ሁለቱም መቅረታቸው ነው" አለ።

አልማዝ ከጓዳ ብቅ ብላ "ለጊዜው እኮ ነው፣ እመለሳለሁ" አለቻቸው።

አልተመለሰችም። በእሷ ደመወዝ እኔ ተምሬ መሥሪያ ቤት ገባሁ፤ እሷ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖራ ጡረታ ወጣች። ባሕር ላሳይሽ ባልኳት ቁጥር መጀመሪያ "ዕረፍት ስወጣ"፣ ኋላም "ልጆቹ ይደጉልኝ" እያለች ዓመታት አለፉ።

ከእንጨት ቤቱ እንደወጣሁ በቀጥታ ገላን ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። በረንዳዋ ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። የጅቡቲ ባቡር አሁን የሚነሣው ከአጠገባችን ነው፣ በሚቀጥለው ወር እንሂድ አልኳት። ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች።

"ሂጂ አንቺ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "እኔ እንኳ አሁን ብዙም አያምረኝም።"

ድምፅዋ ውስጥ ቅሬታ አልነበረም፤ እኔን ያስከፋኝም እሱ ነው። ባሕሩ እዚያው አለ፣ መንገዱም ቀንቷል፤ ዳርቻው ላይ ቆማ "ነፋሱ ቢዞርስ?" ብላ የምትጠይቀዋን ልጅ ግን ከየት ላምጣት?