የቀይዋ ድስት ቋጠሮ

ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ አራት ቤተሰብ የምንኖርበት አንድ ግቢ ነበረን። ውሃ የምንቀዳው ከአንድ ቧንቧ፣ ልብስ የምናሰጣው አንድ ገመድ ላይ። ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያስነጥስ "ይማርህ!" የምንለው ከአልጋችን ሳንነሳ ነው። ዛሬ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም ከፊት ለፊቴ ያለው በር የማን እንደሆነ አላውቅም። ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። አላፍርም እንዴ!

ግድግዳ የምንጋራቸው ከወሎ የመጡ ሙስሊም ቤተሰብ ነበሩ። ሴትየዋን እኛ ልጆች እማማ ነው የምንላቸው። እናቴ ከገዛ እህቶቿ አስበልጣ ትወዳቸው ነበር። መቼም እንደሚታወቀው ክርስቲያኑ የሙስሊሙን ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን። ሁለቱ ሴቶች ግን በዓልን ለየብቻ መብላት አልሆነላቸውም፤ መላ አበጁ። እኛ ቤት ቁም ሳጥን ላይ የእማማ ድስት ተቀመጠች፤ ቀይ ናት። እነሱ ቤት የእማዬ ድስት ተቀመጠች፤ ሰማያዊ። በእኛ በዓል የእማማን ዶሮ ባለቤታቸው ያርዱና እማዬ በቀይዋ ትሠራላቸዋለች። ለአረፋ ደግሞ የእኛን ዶሮ አባዬ በስመ አብ ብሎ ያርድና እማማ በሰማያዊዋ ይሠሩልናል። ተበልቶ ሲያበቃ ባለድስቷ ራሷ አጥባ፣ በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ ታስቀምጣታለች። በሚቀጥለው በዓል የምትፈታትም እሷው ናት። በመካከሉ ያቺን ቋጠሮ የሚነካ ሰው አልነበረም።

እኔ ነካኋት።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ገና ባለፈ በሦስተኛው ቀን እማዬ ማኅበር ሄዳ የክፍል ጓደኞቼ ከተፍ አሉብኝ። ሥጋ አለ፣ ቅቤ አለ፣ ንጹሕ ድስት የለም። የበዓሉ ዕቃ ሁሉ ተቆልሎ የሚጠብቀው እኔን ነው፤ በስንፍና ደግሞ የሚወዳደረኝ አልነበረም። ቀና ስል ቀይዋን አየኋት። "ኧረ ማን ያያል" አልኩና አውርጄ ጥብስ ጠበስኩባት። ጓደኞቼ ጣታቸውን ላሱ። ከሄዱ በኋላ ድስቷን በአመድም በኦሞም ፈትጌ መልሼ ቋጠርኳት። እማማ ሲቋጥሩ ጫፉን ሁለቴ ጠምዝዘው ወደ ውስጥ ይወሽቁታል። አራት ጊዜ ሞክሬ የሳቸውን አስመሰልኩት። ደግሞ ኮራሁ!

ጥምቀት ደረሰ። ጠዋት እማማ መጥተው ድስታቸውን አወረዱ። ቋጠሮውን ይዘው ትንሽ ቆም አሉ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"ምነው እህት ዓለም፣ ወገብሽን አመመሽ እንዴ?" አለቻቸው ዞር ብላ።

"ኧረ ደህና ነኝ፣ አብሽሪ" አሉና ፈቱት።

ምሳ ላይ ቢስሚላህ ብለው በሉ። እኔ ውሃ እያቀረብኩ ቆሜያለሁ። ጭራሽ "አላህ የእናትሽን ልብ ይስጥሽ" ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ለንስሐ አባታችን ተናዘዝኩ። አባ ሰሙኝና ስግደት አዘዙልኝ። መስቀል ተሳልሜ ልነሳ ስል "ስግደቱ ለእግዚአብሔር ነው፤ ለሴትየዋ ደግሞ አፍ አለሽ" አሉኝ። ከታዘዝኩት በላይ ሰገድኩ፣ ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ። አፌን ግን አልከፈትኩም። ለካስ ለእግዜር መናገር ይቀላል፤ እሱ በማግስቱ ቧንቧ ላይ አያገኝህም።

ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ። እማዬ ታመመች። በመጨረሻዋ ሳምንት ገላዋን ያጠቡላት፣ ከንፈሯን በውሃ ያረጠቡላት እማማ ናቸው። ስትቀበር ከማልቀስ አልፎ ደረት የመቱት እሳቸው ናቸው። ከሚሊኒየሙ በኋላ ግቢያችን ፈረሰ፤ እኛ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ እማማ ላንቻ ልጃቸው ጋ ገቡ። ከምኖርበት ላንቻ እንኳን በታክሲ በእግርም ይደረሳል፣ ሰበብ የለኝም። በዓል በመጣ ቁጥር እደውላለሁ፣ እንመራረቃለን፣ በቃ። አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨመረብኝ፦ ብነግራቸው "እናትሽም ሳታውቅ አትቀርም" ቢሉስ? ሙት ተነስታ አትከራከርልኝ። የእኔ ጥፋት ከመቃብሯ ላይ ስሟን ሊያጎድፍ ሆነ።

አንድ ቀን ደምበል አካባቢ ካፌ ውስጥ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ የልደት ምሳ አዘጋጁ። አዲስ የተቀጠረች ሙስሊም ልጅ አብራን አለች። ላዛኛ ቀረበ። "ሥጋ የለበትም አይደል?" ብላ ጠየቀች። አጠገቤ የተቀመጠው፣ ጠዋት ጠዋት በስልክ የጸሎት መልእክት የሚልክልን ሰውዬ "የለበትም፣ አትክልት ነው" አላትና ጠቀሰኝ። ጠቀሰኝ!

"ሥጋ አለበት፤ እንዳትበዪው!" ብዬ ጮህኩ። ካፌው በሙሉ ዞሮ አየኝ።

"ምን ታካብጃለሽ? ካላወቀች ምን ትሆናለች?" አለ።

ልጅቷ ሹካዋን አስቀመጠችና "አላህ ይስጥሽ፣ እህቴ" አለችኝ። ፊቴ በእፍረት ነደደ። የሰውዬው ቃል እኮ የእኔው ቃል ነው፤ ያን ቀን ድስቷን ሳወርድ ያልኩት ነው። እማዬ ስንት ጾም ጾማለች፣ ስንት ቅዳሴ አስቀድሳለች። የሷ ሃይማኖት ግን ከሁሉም በላይ የሚታየኝ የጓደኛዋን ሃይማኖት ስትጠብቅ ነው። እኔ ማዕተቧን ወርሼ ያን ጣልኩት።

በዚያው ቅዳሜ ብርቱካን ገዝቼ ላንቻ ሄድኩ። እማማ አርጅተዋል፤ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሙሰብሐቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ገናውንም ጥብሱንም ቋጠሮውንም ዘረገፍኩት። ሙሰብሐቸው እጃቸው ላይ ቆመ።

"እናትሽ ታውቅ ነበር?" አሉ።

"አታውቅም። በመድኃኔዓለም እምላለሁ፣ እስክትሞት አላወቀችም።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉና በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ቆይተው ቀና አሉ።

"ቋጠሮው የእኔ እንዳልነበረ ያን ቀን አይቻለሁ፣ ልጄ። ጠይቄ ላሳፍራት ነው? እሷን አምኜ በላሁ። ግን ሰይጣን አይተኛም። ፈትታው ይሆን? ምን ሠርታበት ይሆን? ስል ኖርኩ። ገላዋን ሳጥብ እንኳን ይቺ ነገር ሆዴ ውስጥ ነበረች።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

"ድስቷንስ ይቅር ብዬሻለሁ፤ የልጅ ነገር ነው።" እጄን ያዙኝ። "ምነው እሷ እያለች በነገርሽኝ! ሁለታችን ቁጭ ብለን እንስቅብሽ ነበር እኮ።"

እኔ እስከዚያ ድረስ ያበላሸሁት ምሳ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እሳቸው "አብሽሪ" እያሉ ራሴን ዳበሱኝ፤ የሳቸውን ዕንባ ትተው የእኔን ጠረጉ።

ልነሳ ስል በጣታቸው ወደ ቁም ሳጥኑ አሳዩኝ። ከላዩ፣ ከብርድ ልብሶቹ አጠገብ፣ በአሮጌ ነጠላ የተቋጠረ ነገር አለ። ሰማያዊዋ ድስት ናት። ከፈረሰ ቤት፣ ስንቱ ዕቃ ሲጣል፣ እሷን ይዘዋት ወጥተዋል።

"ለአረፋ ዶሮሽን አሳርደሽ ነይ። የምትፈታት ባለድስቷ ነበረች፤ ከእንግዲህ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

በአረፋ ሄድኩ። ድስቷን አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ቋጠሮው የእማዬ ነበር፤ ከእሷ በኋላ የማንም እጅ አልነካውም።