ማማ ንጄሪ ያጠበቻቸው የአባቴ የቶርኖ መለኪያዎች

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ላይ ስወጣ የአባቴ መለኪያዎች በሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ ዝገት አላቸው።

አባቴ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ማሽን ላይ ብረት ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። አምና ጡረታ ሲወጡ መለኪያዎቹን፣ ካሊፐሮቹንም ማይክሮሜትሩንም፣ በሣጥን አድርገው ሰጡኝ። "በየወሩ ዘይት ቀባቸው፤ ውኃ እንዳይነካቸው" ነበር አደራቸው።

ያጠበቻቸው በቤት ሥራ የምታግዘን ማማ ንጄሪ ናት። አባቴ ዛሬ ይመጣሉ ስላልኳት፣ ቅባት የጠጣ ዕቃ እንዳያዩ ብላ ነው። ምን ልበላት?

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ነው። ዛሬ ብቻ ሩቅ በሆነ ብዬ ተመኘሁ።

አባቴ እንደገቡ ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ "ሣጥኑስ?" አሉ።

እሷ ሳትናገር ቀድሜ "ማማ ንጄሪ ዛሬ ጠዋት አጥባቸው ዝገት ጀማመራቸው" አልኩ። እሷም አንገቷን ደፍታ "ፖሌ ባባ" አለች፤ በስዋሂሊ "ይቅርታ አባባ" ማለቷ ነው።

አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ማይክሮሜትሩን ሊያዞሩ ሞከሩ። አልዞር አለ። ዝገቱን በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

"ይኼ የዛሬ ዝገት አይደለም" አሉ ቀስ ብለው። "እሷ ቢያንስ ሣጥኑን ከፍታዋለች።"

ይህን ስጽፍ ሁለቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው መለኪያዎቹን ዘይት እየቀቡ ነው። በቋንቋ አይግባቡም፤ እኔን ግን አስተርጉምልን ብሎ የጠራኝ የለም።

እናንተ ጋስ በአደራ ተቀብላችሁ ያልከፈታችሁት ሣጥን አለ? ጻፉልኝ። መጀመሪያ ግን ክፈቱት።