ዝናብ ያዘቀዘቀው ነጠላ

ባለፈው ሳምንት የሰፈራችን ወጣቶች ቤቴ መጡ። ልጃቸው ጦር ሜዳ የወደቀባቸውን ቤተሰቦች እየዞሩ ሊያጽናኑ ተሰባስበዋል። እሰየው ብያለሁ። መሪያቸው ለግላጋ ልጅ ናት፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ "እማማ፣ እርስዎም በወጣትነትዎ ይህን ሥራ ሠርተዋል ሲሉ ሰማን። ገብተን ምን እንበል?" አለችኝ። ሻይ ቀዳሁላቸውና ከራሴ ወጣትነት አንዱን ነገር አጫወትኳቸው።

በእኔ ወጣትነት በነበረው ጦርነት ጊዜ ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ሻጭ ነበርኩ። ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ፣ ቀለበት ሊገዛ የመጣውን ሰው የአንገት ሐብል አስይዤ ነበር የምሸኘው። አራዳ ተወልዶ ምላሱ የተሳሰረ ሰው መቼም አላጋጠመኝም፤ እኔ ደግሞ ከአራዶቹም የባስኩ ነበርኩ። ስለዚህ የሰፈሩ ወጣቶች ተሰባስበን ሐዘንተኛ እናጽናና ስንል፣ ሥራው የተፈጠረው ለእኔ መስሎኝ ነበር።

የመሩን እትዬ በላይነሽ ናቸው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሳይተከል ቀድመው የሚገኙ፣ ንግግር የማያበዙ ሴት ነበሩ። መርዶውን የሚነግሩት የእድሩ ሽማግሌ ጋሽ ታደሰ ሲሆኑ፣ የእኛ ድርሻ ከዚያ በኋላ ነበር። ውሃ እንቀዳለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ለቀስተኛው ሲበተን እናትየዋ አጠገብ እንቀራለን። እትዬ በላይነሽ አንድ የማይነካ ሕግ ነበራቸው። በሐዘን ጊዜ ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻ ይወጣል። እሳቸው ታዲያ፣ "መርዶው ሳይነገር ማንም ነጠላውን እንዳያዘቀዝቅ። እናት መርዶ የምትሰማው ከአፍ ቀድማ ከልብስ ነው" ይሉን ነበር።

አንድ የሐምሌ ማለዳ ወደ ሠራተኛ ሰፈር ወረድን። እማማ ወርቄ የሚባሉ እናት ነበሩ፤ ጌታሁን የሚባል አንድ ልጃቸው ነበር የወደቀው። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፣ ጎረቤት ወደ ሥራው ሳይበተን። ከዳቦ ቤቱ የትኩስ ዳቦ ሽታ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ርቦኝ ነበር፤ ሐዘንተኛ ቤት የሚሄድ ሰው አይራበውም ያለው ማን ነው? ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ ዝናቡ ወረደብን። የአራዳ የሐምሌ ዝናብ መቼም አስጠንቅቆ አይመጣም። ጋሽ ታደሰን ከነከዘራቸው ኋላ ትተን፣ ነጠላችንን እንዳገኘን ራሳችን ላይ ጣል አድርገን ሮጥንና የእማማ ወርቄ ጊቢ በር አጠገብ ካለው ቤት ጣሪያ ሥር ተጠለልን።

ያ ቤት የእትዬ ዘይነባ ነበር። ከእማማ ወርቄ ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ በዚያ ጊቢ አብረው ኖረዋል፤ የእሳቸው ልጅ ከማልና ጌታሁን አንድ ኳስ ሲያሯሩጡ አድገው፣ አንድ ቀን ነው የዘመቱት። እትዬ ዘይነባ ለጠዋት ሶላት ሊታጠቡ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ከእኛ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። በማለዳ እትዬ በላይነሽ ቆመዋል። ኋላቸው እኛ። የሁላችንም ጥለት በዝናቡ ጥድፊያ ወደ ላይ ወጥቷል።

ማንቆርቆሪያው ከእጃቸው ወደቀ። "የኔ ነው?" አሉ በቀስታ።

አይደለም ማለት እንዴት ቀላል ነበር። ግን በዚያ ጊቢ ልጃቸው የዘመተባቸው እናቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንዷን አይደለም ማለት ሌላዋን ነው ማለት ነው፤ የሌላዋ በር ደግሞ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው ያለው። ያ ሁሉ አፌ ተያዘ። ዝምታችን ለእትዬ ዘይነባ መልስ ሆነላቸውና እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ "ከማል፣ ልጄ፣ ከማል" እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ጀመር።

በዚህ ጊዜ የውስጠኛው በር ተከፈተ። እማማ ወርቄ በባዶ እግራቸው ዝናቡ ውስጥ ሮጠው መጥተው ጎረቤታቸውን አቀፉ። "አይዞሽ ዘይነቤ፣ አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁልሽ" እያሉ አብረው አለቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው እኛን ተቆጡን። "ምን ትገተራላችሁ? አንሷት እንጂ፤ ለዚህ አይደል የመጣችሁት?"

እትዬ በላይነሽ ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። የያዙት ግን የእትዬ ዘይነባን እጅ አልነበረም፤ የእማማ ወርቄን እጅ ነበር።

እማማ ወርቄ የተያዘ እጃቸውን አዩት። ከዚያ እኔ እስከ ዛሬ በማይገባኝ ጉልበት ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ "ዘይነቤ፣ ተነሺ፤ ከማል አለልሽ። እነዚህ የመጡት እኔ ቤት ነው" አሉ።

"አልሐምዱሊላህ" የሚለው ቃል ከእትዬ ዘይነባ አፍ አመለጠ። ወዲያው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። መርዶውን የነገሩት እማማ ወርቄ ራሳቸው ሆኑ፤ ጋሽ ታደሰ በከዘራቸው እየተደገፉ ሲደርሱ ጊቢው በለቅሶ ተናውጦ ነበር።

ሬሳ የሌለው ለቅሶ ከባድ ነው። የጌታሁንን ፎቶና ኮት ድንኳኑ ውስጥ አስቀምጠን ተቀመጥን። እትዬ ዘይነባ ከሁላችንም በላይ ደከሙ፤ ውሃ የሚቀዱት፣ ንፍሮ የሚያዞሩት እሳቸው ነበሩ። የእማማ ወርቄን ዓይን ግን አያዩም። ያቺ አንዲት ቃል እንደ እሾህ ተሰክታባቸው ቀረች። ለቅሶው ካበቃም በኋላ እሑድ እሑድ ዳቦ ይዤ ሁለቱንም እጠይቅ ነበር። አንድ ቀን እትዬ ዘይነባ ወደ በሩ ሸኙኝና፣ "ልጄ እንዲመለስ ዱዓ አደርጋለሁ። ቢመለስ ደግሞ በወርቄ ፊት በየት በኩል እንደማስገባው አላውቅም" አሉኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ጭቃው ደርቆ ፀሐይ ስትወጣ፣ እኔ እዚያው ጊቢ እያለሁ ከማል በሩን ገፍቶ ገባ። ከስቷል፤ ልብሱ ሰፍቶታል። እናቱ ሮጠው አቀፉትና ድምፃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። እኔንና የወጣውን ጎረቤትም በእጃቸው ዝም በሉ አሉን። ከማልም ነገሩ ገብቶት አንገቱን ደፋ። ልጅ ከጦር ሜዳ በሕይወት ተመልሶ ጊቢው እንደ ሌባ ጓዳ ጸጥ አለ። የሁላችንም ዓይን የውስጠኛው በር ላይ ነበር።

እማማ ወርቄ ጥቁር ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ወጡ። ከማልን አዩት። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት። ሰፈሩ እስኪሰማ፣ ትንፋሻቸው እስኪያጥር እልል አሉ። "ምን ሆናችኋል እናንተ? ልጅ ገብቶ ዝም ይባላል?" ብለው ተቆጡን። ልጁን በሁለት እጃቸው ይዘው ጉንጩን አገላብጠው ሳሙት፤ ሳሙትና አለቀሱ። እትዬ ዘይነባ እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አነሷቸው፤ ያን ጊዜ ነው ሁለቱ እናቶች በደንብ ዓይን ለዓይን የተያዩት።

ወጣቶቹ ሻዩን ሳይነኩት አቀዘቀዙት። መሪያቸው፣ "ታዲያ ምን እንበል?" ብላ መልሳ ጠየቀችኝ፤ የዘመኑ ልጆች መልስ ካላገኙ አይለቁም። ንፍሮ ይዛችሁ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ቃል አትደርድሩ አልኳት። ሐዘንተኛን አቅመ ቢስ አድርጋችሁ አትዩት፤ እናንተ ልትሰጡ የማትችሉት ነገር በእጁ ሊኖር ይችላል። ከማል ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀና ብሎ ሲሄድ ደስ ይለኛል። እማማ ወርቄ ያን ቀን እልል ባይሉ ኖሮ፣ ያ ልጅ በሕይወት በመኖሩ እያፈረ ነበር የሚያረጀው።